ብስክሌቱን ለኮምቦልቻ ስጡት

ዘንድሮ ደሴ ስገባ ዘመድ አዝማዱ መጀመሪያ ያለኝ "ምነው፣ ታመሽ ነበር እንዴ?" ነው። እኛ ሰፈር ከውጭ የመጣ ሰው ወፈር፣ ሞላ ብሎ ካልመጣ ኑሮ አልተመቸውም ማለት ነው። እኔ ደግሞ የቀነስኩት ፈልጌ ነው፣ ሆላንድ ያለችው ሀኪሜ ስኳርሽ ጫፍ ላይ ደርሷል ግፊትሽም ደህና አይደለም ብላ ስታስፈራራኝ በዚህ እድሜዬ ብስክሌት መንዳት ተማርኩ። ይሄን ቧንቧ ውሃ ሰፈር አክስቴ ቤት ቡና ላይ ሳወራ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፣ ከዛ አክስቴ "አብሽሪ ልጄ፣ እንኳን አተረፈሽ" ብላ ስኒውን እስከ ግማሽ ስኳር ጨምራ ጀባ አለችኝ። ስለ ስኳር በሽታ እያወራን እኮ ነው!

ደሴ ያደገች ሴት ሳይክል አለመቻሏ ማንንም አይገርምም። በኛ ጊዜ ሳይክል በሰዓት እየተከራየ ሚነዳው ወንድ ልጅ ነበር፣ ሴት ልጅ ከወጣችበት ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል። እኔ ምኖርበት ከተማ ግን ለኛ አይነቶቹ የሚሰጥ ትምህርት አለ፣ ከሞሮኮና ከሶሪያ ከመጡ እናቶች ጋር ተማርኩ፣ አንዳንዶቹ የልጅ ልጅ ያላቸው ናቸው። ትልቅ ሰው ሲማር አንድ ሰው ከኋላ ይዞ አብሮ አይሮጥም፣ ወንበሩን ዝቅ ያረጉና ሁለቱም እግርሽ መሬት እንዲነካ አርገው መሬቱን እየገፋሽ ሂጂ ይሉሻል፣ ፔዳሉን ጭራሽ ያወልቁታል፣ ሚዛኑ ሲገባሽ ነው ፔዳሉ ሚገጠመው። እዚህ አገርም አርባና ሃምሳ ዓመት ሞልቶት መጀመር ለሚፈልግ ሰው ይሄን ነው ምመክረው፣ ደልዳላ ሜዳ፣ ዝቅ ያለ ወንበር፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ጉልበቴ ሩጫ አይወድም። ብስክሌት ላይ ግን የሰውነትሽን ክብደት ወንበሩ ነው ሚሸከመው፣ ልብሽ ይሰራል ጉልበትሽ ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል፣ መካከለኛ ማለት እያወራሽ መሄድ ትችያለሽ መዝፈን ግን ትንፋሽ አይበቃሽም፣ እሱ ነው ልኩ። እኔ ጂም ገብቼ አላውቅም፣ ስራ ሄጄ ስመለስ፣ ሱቅ ደርሼ ስመጣ ሳላስበው ይሞላል። የሆላንድ ሰው ደግሞ ስፖርት ሰራሁ እንኳን አይልም፣ ወንዱ በሱፍ፣ ሴቷ በቀሚስ፣ እናትየው ሁለት ልጅ ከፊትና ከኋላ ጭና በዝናብ ትሄዳለች፣ ማርክ ሩተ ጠቅላይ ሚኒስትር እያለ ራሱ ቢሮ በብስክሌት ነበር ሚገባው። እዛ አገር ብስክሌቱ ከህዝቡ ቁጥር ይበልጣል።

ሰው ግን ሆላንዶች ሲፈጠሩም እንዲህ የነበሩ ይመስለዋል። አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1971 በአንድ ዓመት ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞቶባቸዋል፣ ከ400 በላዩ ህፃናት ናቸው፣ ከዛ በኋላ ነው እናትና አባት አደባባይ ወጥቶ ልጆቻችንን አትግደሉብን ብሎ የጮኸው፣ የ1973ቱ የነዳጅ ችግር ደግሞ መጣና እሁድ እሁድ መኪና ቆመ። የብስክሌት መንገዱ ከመኪናው የተለየው በዚህ ጩኸት ነው እንጂ በባህላቸው አይደለም። ዛሬ መኪና ብስክሌተኛ ከገጨ ካሳው ባብዛኛው ባለመኪናው ላይ ነው ሚወድቀው፣ ልጆች ትምህርት ቤት እያሉ የብስክሌት ፈተና ይፈተናሉ፣ ብስክሌቱ ብዙ ቦታ የራሱ መንገድ አለው፣ በቀለም ብቻ ሳይሆን በድንጋይ የተለየ። ሹፌሩ ራሱ ብስክሌተኛ ስለሆነ ያዝንልሻል።

አሁን ወደ ደሴ። ብዙ ዳያስፖራ እዚህ መጥቶ "አምስተርዳም እኮ..." ሲል እሰማለሁ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ሆላንድ ሩብ ያህሉ ከባህር ወለል በታች ነው፣ ደሴ ጦሳ ተራራ ስር 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከፍታው ብቻ ቢሆን ችግር የለውም፣ አስመራም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት ሰዉ ግን ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ብስክሌት ላይ ነው፣ ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሶስት የቀን ውድድር አሸንፎ በነጥብ አንደኛ ለወጣ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ከዛ ወጥቶ ነው። የኛም ፅጋቡ ግርማይ ከመቀሌ ወጥቶ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ነድቷል። ልዩነቱ ምንድነው፣ አስመራ ከላይ ወጥታ ሜዳ ናት፣ ደሴ ከላይ ወጥታም ሌላ ዳገት አላት። ንጉስ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን ያሰሩበት ጉብታ በብስክሌት ውጡበት ቢባል ለጀማሪ አይደለም ለለመደም ይከብዳል፣ ማርሽ ያለው ቢሆን እንኳን። ለደሴ ሰው መድሃኒቱ እግሩ ነው። እናቶቻችን ከገበያ ሸክም ይዘው ሽቅብ ሲወጡ ስፖርት የሚባል አያውቁም ነበር፣ አሁን ባጃጅ መጣና ሁለት መታጠፊያ ለመሄድ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዛ ደግሞ ማታ ግፊቴ ወጣ። ወላሂ ከባጃጁ ወርዶ ዳገቷን መውጣት ብቻ ለደሴ ሰው ከጂም ይበልጣል፣ ነፃም ነው።

ኮምቦልቻ ግን ሌላ ነገር ናት። ከደሴ ሃያ አምስት ኪሎሜትር አይሞላም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብለሽ ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ፣ ሹራብሽን አውልቀሽ ቦርከና ሜዳ ላይ ትገኛለሽ። ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሁሉም ብስክሌት ሚደርስበት ርቀት ነው። ሺፍት ሲለቀቅ ቆሜ አየሁ፣ እነዛ ሁሉ ወጣት ሴቶች ግማሾቹ በእግር ግማሾቹ ከደመወዛቸው ቆርሰው በባጃጅ፣ ሜዳ ላይ! እዚህ ነው ምቆጨው።

የእህቴ ልጅ እዛ ነው ሚሰራው፣ ብስክሌቱን ተውሼ አንድ ጠዋት ፀሀዩ ሳይበረታ ወጣሁ፣ ነጠላዬን አጥብቄ አስሬ። ህፃናቱ እየጮሁ ተከተሉኝ፣ አንድ ሽማግሌ "ማሻአላህ፣ ብቻ ወድቀሽ እንዳትሰበሪ ልጄ" አሉኝ፣ የባጃጅ ሹፌሮቹ አንዱ ላንዱ እየጠቆመ ሳቀ። በማግስቱ ስወጣ ሚጮኸው ቀነሰ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሰላምታ ሆነ። ስለዚህ ሰው ምን ይላል የሚሉኝ እህቶች አብሽሩ፣ የሰው ዓይን ቶሎ ይደክመዋል። የማይደክመው የጅቡቲው ተሳቢና ሲኖ ነው፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ጠጠሩ ውስጥ ይገፉሻል፣ ክላክሱ ብቻውን ያስደነግጣል። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሰምሯል፣ ጥሩ ነው፣ ግን በቀለም የተሰመረ ነገር በሳምንቱ የሽንኩርት መሸጫና የባጃጅ ማቆሚያ ሲሆን አይተናል፣ ኮምቦልቻ ላይ ከተሰራ በድንጋይ ይለይ፣ መጀመሪያም ከፋብሪካዎቹ እስከ ሰራተኛው ሰፈር ያለው ይሰራ እንጂ ለፎቶ ሚያምረው አደባባይ አይደለም።

ልጁ ደግሞ ጎረምሳ ነውና ሐረጎን ካልወረድኩ ይላል። እሺ አልኩት፣ ግን ሄልሜት አርገህ፣ ጠዋት መኪና ሳይበዛ፣ ፍሬኑን ጨምቀህ ሳትለቅ እስከታች አትሂድ ይግላል፣ ያዝ ለቀቅ እያረግክ፣ ሽቅቡን ደግሞ ዶልፊን አናት ላይ አስጭነህ ተመለስ።

ከሆላንድ ላኪልኝ ያለኝን ግን እምቢ አልኩት። የነሱ የከተማ ብስክሌት ሃያ ኪሎ ሚጠጋ ብረት ነው፣ ብዙዎቹ ፔዳሉን ወደኋላ ረግጠሽ ነው ሚቆሙት፣ ማርሽ የላቸውም፣ ቢበላሽ መለዋወጫው ኮምቦልቻ አይገኝም፣ ጎሚስታው ጎማውን ይለጥፍለት ይሆናል ሌላውን አያውቀውም። የመላኪያውን ብር ልኬለት እዛው ገበያ ላይ ካቴናውም ካላማዳሪያውም የትም ሚገኝ የቻይና ገዛ፣ ከኋላው እቃ መጫኛ አስበየደለት፣ አሁን እህቱም ተራ እየጠበቀች ነው ምትነዳው።