የቢትኮይን ሚኒባስና ሰልፈኞቹ

ቢትኮይንን እንደ ሚኒባስ አስቡት። ተሳፋሪው የገንዘብ ዝውውር ነው፤ ብሎክ የሚባለው የዝውውሮች ጥቅል ደግሞ አንዱ ሚኒባስ። በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ይነሳል። ወንበሩ የተቆጠረ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ወያላው፣ ማለትም ብሎኩን በማሽኑ የሚሠራው ማይነር፣ የሚያስቀድመው ብዙ የከፈለውን ነው። ዝርዝር ሳንቲም የያዘው ቆሞ ይጠብቃል።

ወንበሩን የቆጠረው ፈጣሪው ራሱ ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በ2010 (ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጅ ልቁጠር) አንድ ብሎክ ከ1 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ገደበ። ያኔ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ተሳፋሪው ሲበዛ ግን ጠቡ መጣ። በ2015 ጋቪን አንድሪሰንና ማይክ ኸርን የተባሉ ነባር ፕሮግራመሮች ብሎኩ ወደ 8 ሜጋባይት ይደግ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ እጥፍ ይሁን አሉ። አውቶቡስ እናምጣ ነው ነገሩ።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «አውቶቡስ በሰፈራችን መንገድ አያልፍም» ባይ ናቸው። መንገዱ ኖድ ነው። ኖድ ማለት ተራው ሰው ቤቱ አስቀምጦ እያንዳንዱን ዝውውር የሚያጣራበት ኮምፒውተር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሞላ የ1 ሜጋባይት ብሎክ በዓመት 50 ጊጋባይት ገደማ ይጨምራል፤ 8 ሜጋባይት ሲሆን ከ400 ያልፋል። ይህን የሚሸከሙት ትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ከሆኑማ ከባንክ በምን ተለየ?

የእኔ ልብ ግን ለረጅም ጊዜ ከአውቶቡሶቹ ጋር ነበር። በታኅሣሥ 2017 የአንድ ዝውውር አማካይ ክፍያ ከ50 ዶላር በላይ ወጥቷል። 30 ዶላር ለመላክ 50 ዶላር የሚከፍል ማን ነው?

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የኒውዮርኩ ስምምነት ነው። በግንቦት 2017 ከ50 በላይ ኩባንያዎች፣ ከ80 በመቶ በላይ የማይኒንግ ጉልበት ይዘው፣ መጀመሪያ ሴግዊት የተባለ ማሻሻያ፣ ቀጥሎ የ2 ሜጋባይት ማስፋፊያ እንዲገባ ተስማሙ። ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ሴግዊት በነሐሴ ገባ፤ ወንበሩን ጠጋ ጠጋ አድርጎ ትርፍ እንደመጫን ነው። ማስፋፊያው ግን ቀረ። ኖድ ያላቸው ሰዎችና ፕሮግራመሮቹ እምቢ ስላሉ የማስፋፊያው መሪዎች ራሳቸው ኅዳር 8 ላይ ሰረዙት። ኖዶች ያልተቀበሉት ብሎክ ዋጋ የለውም። እኛ አገር በርካሽ መብራት የሚጮኹትን የማይኒንግ ማሽኖች ያየ ሰው ባለማሽኑን የቢትኮይን ጌታ ያደርገዋል። አይደለም።

የአውቶቡስ ወገኖች ነሐሴ 1 ቀን 2017 ቢትኮይን ካሽ የተባለ የራሳቸውን ገንዘብ ይዘው ተለዩ። በዓመቱ እነሱም ተጣልተው ለሁለት ተከፈሉ። አውቶቡሱን አገኙ፤ ተሳፋሪው ግን ሚኒባሱ ጋ ቀረ።

አሸናፊዎቹ ታዲያ ደረት መንፋት የለባቸውም። ለትንሹ ክፍያ የሰጡት ተስፋ ላይትኒንግ የተባለው፣ ከቢትኮይን በላይ የተዘረጋ የክፍያ መረብ ነው። ሱቅ ላይ ገንዘብ አስቀድሞ አስቀምጦ በየቀኑ እንደማስቀነስ ነው፤ ሲበቃችሁ ትተሳሰባላችሁ። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ግን ቻናሉን (ያንን የሱቅ ሒሳብ መሰሉን) ለመክፈትም ሆነ ለመዝጋት ሚኒባሱ ላይ ወንበር ያስፈልጋል። ክፍያው በናረ ቀን 30 ዶላር ያለው ሰው አይከፍተውም። ስለዚህ ብዙው ሰው ገንዘቡን ለአንድ ኩባንያ አስረክቦ በኩባንያው ዋሌት ይጠቀማል። «ከባንክ በምን ተለየ?» የሚለውን ጥያቄ ያነሱት ደግሞ እነሱው ነበሩ።