ዲኤክሷ ትደግ!

አዲስ መኪና መግዛት የሰነፍ ሥራ ነው። ብር ይዘህ ትሄዳለህ፣ ቁልፍ ይሰጥሃል፣ ነድተህ ትመጣለህ። አለቀ። የት አለ ድካሙ? ጀግና ማለት አርባ ዓመት ያገለገለች ኮሮላ ላይ ሌላ መኪና የሚገዛ ብር አፍስሶ፣ ሲጨርስ ያቺኑ አርባ ዓመት ያገለገለች ኮሮላ ይዞ የሚቀር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጀግና እኛ ግቢ አለ።

አከራዬ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ኪራይ ይጨምሩብኛል። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ዲኤክስ ነው የሚላቸው፣ እኔ ፊት ለፊት ጋሼ ብዬ አቆማለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን ከጋራዥ ይዘው ሲመለሱ ከሁለት መንገድ በፊት ትሰማለች። ትንሹ ልጃቸው ያን ድምፅ ሲሰማ የያዘውን ኳስ ጥሎ ወደ በሩ ይሮጣል። አባቱ ናፍቆት አይምሰላችሁ። ታኮ ሊያስገባ ነው። ግቢያችን ትንሽ ያዘቀዝቃል፣ የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ከኔ ወደዚህ ቤት መግባት በፊት ጀምሮ ለጌጥ ነው። ስለዚህ ልጁ ከግንቡ ሥር ያለውን ጥርብ ድንጋይ አንስቶ ከኋላ ጎማ ሥር ይወትፋል፣ ጋሼም ሞተር ያጠፋሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ነው። አንድ ቀን ተገልብጦ የባለቤታቸውን፣ የእትዬን፣ የጎመን መደብ አጥተናል።

ዲኤክስ ምን እንደሆነች ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ለሌላው ልንገር፦ ፈረንጆቹ 1980ዎቹ በሚሉት ዘመን የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ዲኤክስ ማለት ዴሉክስ ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ደረታቸው ይነፋል፣ «ዴሉክስ እኮ ነች፣ አንተ ልጅ» ይሉኛል። ፋብሪካው ለኮሮላ ከሚሰጣቸው ደረጃዎች ዴሉክስ ከታችኞቹ አንዱ እንደነበረ አልነገርኳቸውም። ብዬ ነበር አይደል፣ የምኖረው በእሳቸው ቤት ነው።

አሮጌ መኪና መያዙ ላይ እንዳልሳቅሁ ይታወቅልኝ። ምን አማራጭ አለ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነበት። በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ጭራሽ አይገባም ተባለ። አገር ውስጥ የተገኘች ቆርቆሮ ሁሉ ወርቅ ሆነች። ሌላው አገር መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ እኛ ጋ እንደ መሬት ነው፣ ተቀምጦ ይወልዳል። ስለዚህ ጋሼ ዲኤክሳቸውን አለመሸጣቸው ልክ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ካልሸጧት በኋላ የመጣው ነው።

በመብራት ተጀመረ። የድሮ መኪና የፊት መብራት፣ መስታወቱም ከጀርባ ያለው አንጸባራቂውም፣ ለድሮው አምፖል ተለክቶ የተሠራ ነው። እዚያ ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ ሲጠቀጠቅበት ብርሃኑ መንገዱን ትቶ በየአቅጣጫው ይረጫል። ማታ ጋሼ ጉድጓዱ በደንብ አይታያቸውም፣ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ግን ምንም አያይም። ማንም ማንንም አይበልጥም።

ቀጥሎ ቸርኬ። 13 ኢንች የነበረው ወርዶ የሚያብረቀርቅ 15 ወጣ፣ ጎማውም ሰፋ። መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቅ ጀመር። መካኒኩ መፍትሔ አላጣም፣ ፓራፋንጎውን ቆረጠው። የጎማው ዙሪያ ስላደገ ደግሞ ቆጣሪው መኪናዋ ከሄደችው ያነሰ ነው የሚቆጥረው። ጋሼ ይህንን እንደ ቁጠባ ያዩታል። እውነትም ማን መኪናው በአንድ ቀን ወጣት እንድትሆን የማይፈልግ አለ?

ስፖይለሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ልጃቸው ልትመጣ ስትል «አባዬ፣ ምን ላምጣልህ? የደም ግፊት መለኪያ?» ብላ ጠይቃ ነበር። አንድ ሻንጣ ሙሉ ስፖይለር ተሸክማ መጣች። ስፖይለር ሥራው መኪና ሲከንፍ አየሩን ተጠቅሞ ወደ መሬት መጫን ነው፣ እንዳትንሳፈፍ። ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ማታ 12 ሰዓት ላይ የምትሄድ መኪና የምታገኘው አየር ከፊቷ ያለው አይሱዙ የሚተፋባትን ብቻ ነው። ግን ሥራ ፈቶ አልቀረም። እትዬ የታጠበ ካልሲ ያሰጡበታል።

ጉልበቷንም አልረሱትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር እዚህ ሲወጣ ጉልበቱን ወደ ሩብ የሚጠጋ ያህል ያጣል፤ የጋሼ ሞተር ደግሞ 1.3 ሊትር ነው፣ ሲወለድም ጉልበተኛ አልነበረም። ይህን ለማካካስ ምን ተደረገ? ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ተቆርጦ ተጣለ። ጉልበቱ ያው ነው፣ ድምፁ ግን የባለሥልጣን ላንድክሩዘር ሆነ። ከኋላዋ «ቪ8» የሚል የሚያብለጨልጭ ጽሑፍ ተለጠፈ። ቪ8 ማለት ባለ ስምንት ሲሊንደር ማለት ነው፣ የእሷ አራት ነው። የቀሩትን አራቱን በእምነት እንቀበላለን።

ዋናው ግን ውስጧ ነው። ዳሽቦርዱ ተቀዶ እኔ ቤት ካለው ቴሌቪዥን ጋር የሚፎካከር ስክሪን ገባ። የኋላ ካሜራ አለው። ጋሼ ግን ወደ ኋላ ሲሄዱ ዛሬም አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ነው፣ ልጁ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ስበረው! ና! በቃ!» እያለ። (ሌላ ጊዜ አባቱን አንቱ ነው የሚለው። ለዚህ ሥራ ብቻ ተፈቅዶለታል።) የኋላ ኮፈን ሲከፈት ዕቃ የሚባል አይገባም፣ ሁለት ትልልቅ ሳብውፈር ተኝተውበታል። ጤፍ ሲገዛ እትዬ በባጃጅ ይዘውት ይመጣሉ።

ያቺ የድሮ ዲናሞ የተሠራችው መብራትና የዝናብ መጥረጊያ እንድትቀልብ ነበር። አሁን ስክሪን፣ ሳብውፈር፣ ከሥሯ የሚበራ ሰማያዊ መብራት ሁሉ የእሷን እጅ ነው የሚያየው። ማታ ጋሼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ሙዚቃ ይሰማሉ፣ ጠዋት ባትሪው ሞቷል። ያኔ ተከራይ ይጠራል። እኔና ልጁ ከኋላ እንገፋለን፣ ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ ይለቋታል፣ ትንፈራገጥና ትነሳለች። የኪራይ ውላችን ላይ ያልተጻፈ ግን የታወቀ ነገር ነው። በቅርቡ ከማዶ ያለው ጎረቤት ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ጋሼ ከልባቸው ሳቁ። «አሁን ይቺ ቻርጅ ሲያልቅባት ሊገፋት ነው?» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ እኔ ከኋላ እየገፋሁ ነበር።

ወጪውን በልጁ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ይጽፉ ነበር። ሶማሌ ተራ ይሄን ያህል፣ ላሜራ ይሄን ያህል፣ ቀለም ይሄን ያህል። ደብተሩ ሲያልቅ መጻፉን ተዉት። ባለፈው ደግሞ ስፖኪዮዋ ተሰረቀ። ጋሼ አገር አዳርሰው ከአንድ ሱቅ ሌላ ገዝተው መጡ። ሊገጥሙት ሲያገላብጡት የራሳቸው የሰሌዳ ቁጥር ተቀርጾበታል። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እሳቸው «ኦርጅናል ነው አላልኩም?» ብለው ገጠሙት።

የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ግቢው የሠርግ ቤት ይመስላል። የእሳት ማጥፊያው ከጎረቤት ይመጣል፣ ጥርስ ያለው ጎማ ከወንድማቸው መኪና ተፈትቶ ይመጣል፣ ማርሚታው ካለበት ተፈልጎ በሽቦ ይታሰራል፣ ሰማያዊው መብራት በጨርቅ ይሸፈናል። ዲኤክሷ ለአንድ ቀን ተራ መኪና ትሆናለች። ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል፣ እሷም ወደ ክብሯ።

ፍሬኑስ? ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ፍሬን እኮ አይታይም። ስፖይለር ሲገጠም ሰፈሩ ይወጣል፣ ሳብውፈር ሲገባ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የፍሬን ሸራ ቀይሬ መጣሁ ብትል ግን ማን ዞሮ ያይሃል? ውስጡን ለቄስ ይላል ያገሬ ሰው። መካኒኩ አንዴ ሊመክራቸው ሞክሮ ነበር። የፍሬን ዘይት በቆየ ቁጥር እርጥበት ይስባል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል እርጥበቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፣ ሸራውም አልቋል፣ አሁን ይቀየር አላቸው። ጋሼ «ይሄ ልጅ ብር ሊበላኝ ነው» ብለው የስክሪኑን ሰውዬ ጠሩ።

እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ አንድ እሑድ እንጦጦ ማርያም ተሳልመን ስንመለስ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። «ና ግባ፣ በታክሲ ምን ያንገላታሃል» ሲሉኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። መውረድ ስንጀምር ሁሉም ደስ ይል ነበር። መዝሙሩ በስክሪኑ ላይ ከነግጥሙ ይታያል፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል፣ ሽታው የቫኒላ ነው። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ጋሼ ፍሬኑን አንዴ ረገጡ። ሁለተኛው ላይ ሁለቴ። ወደ ሽሮ ሜዳ ስንቃረብ ፔዳሉን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይረግጡት ነበር፣ እኔም በኔ በኩል የሌለውን ፍሬን ወለሉ እስኪጎደጉድ እየረገጥኩ አግዛቸዋለሁ። ፊት ለፊታችን ነጠላ የለበሰ ምእመን፣ ሁለት አህያ፣ አንድ የቆመ ሚኒባስ። «ጋሼ!» አልኩ። «አይዞህ» አሉና ክላክሱን ያዙት።

ስለ ክላክሱ አልነገርኳችሁም። ክላክሱ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው፣ በሦስት ድምፅ የሚያንባርቅ። ሲለቁት ምእመኑ ወደ ግራና ቀኝ ተበተነ፣ አህዮቹ ድልድይ ሥር ገቡ፣ ሚኒባሱ ተሳፋሪውን ሳይጨርስ ተነሳ። መንገዱ ባዶ ሆነ። እኛም በማርሽ እያጓራን ስድስት ኪሎ አካባቢ ሜዳ ስናገኝ በራሳችን ጊዜ ቆምን። ክላክሱ የተገዛው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። መኪናዋ መቆም ካልቻለች ሌላው ይቁምላት ነው ነገሩ።

«አየሃት?» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። «ፍንክች አላለችም።»

በወሩ አንድ ደላላ መጣ። ዙሪያዋን አንዴ ዞረና ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያውን እዚያው ፊታችን ጻፈው፦ ዲኤክስ፣ ፉል አፕሽን፣ ሞተሯ ያልተነካ፣ ምንም ወጪ የማትጠይቅ፣ ገዝተው የሚነዷት። «ምንም ወጪ የማትጠይቅ» የሚለው ላይ እትዬ ከጓዳ ሆነው ሳል ያዛቸው። ጋሼ ግን አልሸጧትም። «ገና መች ጨረስኳትና» አሉ።

ያልጨረሱት ቀለሟን ነበር። ትናንት ቅዳሜ ስቱኮ ተለቅልቃ፣ ተሞርዳ፣ እሳት የመሰለ ቀይ ተቀብታ መጣች። እውነት ለመናገር ታምራለች። ልጁ እንደ ልማዱ ወደ ግንቡ ሥር ሮጠ፣ ግን ባዶ እጁን ተመለሰ። ድንጋዩ የለም። ጋሼ በመስኮት ወጥተው ሳቁ። ጠዋት ሲወጡ ጋራዥ ወስደውት ኖሯል። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ከኋላ ወንበር አወጡ፣ ታኮው ነው፣ በተረፈው ቀለም ቀይ ተቀብቷል፣ ጫፉ ላይ በነጭ «ቪ8» ተጽፎበታል።

«ከእሷ ጋር ሲታይ አይመጥናትም ነበር» አሉኝ።

ልጁ ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ጮኹበት። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ጋሼ ታኮውን ፀሐይ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት፣ ከዚያ መኪናዋን አዩ፣ ግቢው የሚያዘቀዝቅበትን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ «እስኪደርቅ አንድ አፍታ በጀርባህ ደገፍ አድርግልኝማ።»