ለእንግዳ አንዱን ብቻ ምረጡለት

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ልፋት ለከበሮ ነው?»

አንድ የቅርብ ዘመዳችን የእህቴን ልጅ እንዲህ ብለው ጠየቁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል። ሰመሩን ሙሉ በየትምህርት ቤቱ ጂም ወለል ላይ ሲተኛ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲጓዝ፣ ቀኑን በጠራራ ፀሐይ ሲለማመድ ከርሞ ፊቱ ከስሎ የመጣ ልጅ ነው። ለዚህ ደግሞ ማንም አልከፈለውም። ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ፣ እናቱም ጨምራበት፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የከፈለው እሱ ነው። በእኛ ሰው ዐይን ይሄ እብደት ነው። ያንኑ ሰመር የሒሳብ ማጠናከሪያ ሲማር ቢከርም ኖሮ ግን ስንቱ በመረቀው!

ነገሩ ድራም ኮር ይባላል። የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ፣ ከበሮና ባንዲራ የያዙ ወጣቶች በአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሱ 12 ደቂቃ ገደማ የሚያሳዩት ትርኢት ነው። ክላሪኔትና ሳክስፎን የለበትም። በትልቁ ምድብ አንዱ ቡድን እስከ 165 ልጆች ያሰልፋል፤ ዕድሜያቸው ከ22 አይበልጥም። መነሻው የጦር ተመላሾች ማኅበራትና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ካዴትስ ይባል የነበረው፣ በ2024 የተዘጋው ስመ ጥር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1934 ኒው ጀርሲ ውስጥ ጋርፊልድ በምትባል ከተማ በአንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው የተቋቋመው። ድራም ኮር ኢንተርናሽናል የሚባለው አወዳዳሪ ድርጅት ደግሞ በ1971 ተመሥርቶ በማግስቱ ዓመት ዊስኮንሲን ውስጥ ዋይትዋተር ላይ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና አካሄደ።

ከ2009 ጀምሮ ፍጻሜው የሚካሄደው እኔ በምኖርበት ኢንዲያናፖሊስ፣ ሉካስ ኦይል ስታዲየም ውስጥ ነው። በነሐሴ ከተማው በአውቶቡስና በጭነት መኪና ይሞላል። እዚያ ስገባ ከልጆቹ ችሎታ እኩል የገረመኝ የተመልካቹ ጠባይ ነው። አጠገብህ የተቀመጠ ሽማግሌ አዲስ መሆንህን ካወቀ አለቀልህ። «መጀመሪያ የትኛውን አሳዩህ?» ይልሃል። አንዱ የሳንታ ክላራ ቫንጋርድን የ1989 ትርኢት እይ ይላል። ከኋላው ያለችው ሴትዮ ጣልቃ ገብታ የለም፣ ለወጣት ሰው የሚሆነው የብሉኮትስ የ2016ቱ ነው ትላለች። ሦስተኛው ስታር ኦፍ ኢንዲያና በ1993 ያቀረበውን ያነሣል፤ ወዲያው ሁለቱ ይቆጡታል፤ ያ ለጀማሪ አይሰጥም፣ ተመልካቹን ራሱን ለሁለት የከፈለ ነው ብለው። ጭቅጭቃቸው የእውነት ነው። የሚጨቃጨቁት ግን ስለ ራሳቸው ምርጫ አይደለም። ስለማያውቁት ሰው ነው፤ ምን ብናሳየው ይወዳል፣ ምን ብናሳየው ይሸሻል እያሉ። ይሄ ነገር ልቤን ነካው። እኛ ዘንድ እኮ እንግዳው ካልገባው «እሱ ምን ያውቃል!» ብለን እንዘጋዋለን።

ወደ ዘመዶቻችን ልመለስ። ከኮሎምበስ የመጡ ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ለጉብኝት ከአዲስ አበባ የመጣች አክስታችን፣ እትዬ የምንላት፣ አለች። የእህቴ ልጅ ሥራውን ሊያሳያቸው ፈልጎ ቴሌቪዥኑ ላይ ብሉ ዴቪልስ በ2014 ያቀረቡትን ከፈተላቸው። ለምን እሱን መረጠ ቢባል፣ በውድድሩ ታሪክ ከፍተኛው ነጥብ የተሰጠው እሱ ነው፤ ከመቶ 99.65። ሥራው በጣሊያናዊው የፊልም ሰው በፌሊኒ ዓለም ላይ የተሠራ ነው፤ ፌሊኒን ለሚያውቅ፣ የእግር አጣጣሉንና የቅርጽ ለውጡን መቁጠር ለሚችል ተአምር ነው። እትዬ ግን ፌሊኒን ከየት ታምጣው? ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ሌላው ስለ ቤት ብድር ወለድ ማውራት ጀመረ። ያ «ለከበሮ ነው?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም፤ ጓደኞቹ የሚያከብሩትን ነው የመረጠው። ግን ዳኛ ቁጭ ብሎ ነጥብ የሚሰጥበት ሌላ፣ የማያውቅ ሰው የሚማረክበት ሌላ ነው። እኔ ሁልጊዜ ለአዲስ ሰው የምለው አንድ ነው፦ ፋንተም ሬጅመንት፣ 2008፣ «ስፓርታከስ»። የሮክፎርድ፣ ኢሊኖይ ልጆች ናቸው። በዚያ ዓመት ፍጻሜው ብሉሚንግተን በሚገኘው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነበር፤ እነሱ 98.125፣ ብሉ ዴቪልስ 98.100 አገኙ። ያቺ 0.025 ዛሬም ታከራክራለች፤ ለእንግዳ ግን አትነግረውም። ለእንግዳ የምትነግረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ባሪያ ሆኖ የተሸጠ ሰው በሮም ላይ ተነሣ። ከዚያ ዝም ትላለህ።

ሪሞቱን ተቀብዬ ከፈትኩት። ድምፁን ከፍ አደረግሁ፤ ስልክ የያዘውንም አስቀምጥልኝ አልኩት። ሥራውን ለጀማሪ የሚያቀርበው ምን መሰላችሁ፣ ድራም ሜጀሩ፣ ማለትም ከፍ ባለ ማማ ላይ ቆሞ በእጁ የሚመራው ልጅ፣ ራሱ ስፓርታከስን ሆኖ ታሪኩ ውስጥ መግባቱ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሕዝብ ሜዳውን ሲሞላው ዐይንህ የሚከተለው አንድ ሰው አለው። ነሐሱ ዝግ ብሎ የፍቅሩን ዜማ ሲያነሣ ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«የትኛው ነው እሱ?» አለች።

እሷ ይህን በጠየቀችበት ቅጽበት ነገሩ አለቀ፤ እንግዳ ጥያቄ ከጠየቀ ተሸንፏል። እኔ ሳልመልስላት ልጆቹ ከያሉበት አንድ በአንድ «ስፓርታከስ እኔ ነኝ!» እያሉ መጮህ ጀመሩ፤ ስታዲየሙም አብሮ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ከኋላ ሆኖ «ሁሉም ናቸው እትዬ» አላት። ሲያልቅ «እስቲ ድገሙት» ያለችው እሷ ናት። ያ የጠየቁት ዘመዳችን ደግሞ፣ አምላክ ይስጣቸው፣ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው መሣሪያው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይጠይቁት ጀመር።

የዚያ የፍቅር ዜማ ደራሲ አራም ኻቻቱሪያን አርመናዊ ነው። ይህን ስነግራት እትዬ ወዲያው «እንደ ሙሴ ናልባንዲያን በላ!» አለች። እሷ ሕፃን ሆና ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የዘመረችው የንጉሡ ዘመን መዝሙር ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ የባንድ አስተማሪያቸው እሱ ነበር። ከዚያም በፊት ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሥ ለምኒልክ የነሐስ መሣሪያ ተልኮ ነበር። ስለዚህ ነሐስና ከበሮ በሰልፍ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል። ታዲያ ዛሬ አገር ቤት ማርሽ ባንድ የምናየው መቼ ነው? ባለሥልጣን ሲመጣ፣ የአድዋ ዕለት፣ ወታደር ሲመረቅ። ባንዱን ሊያይ ብሎ የተቀመጠ ሰው የለም፤ ካሜራው እንኳ የእንግዳውን መኪና ነው የሚከተለው። እነዚያ ትንፋሻቸውን ጨርሰው የሚነፉ ወታደሮችና ፖሊሶች፣ አንድ ቀን ለእነሱ ብቻ ተብሎ ሰው ቢሰበሰብ ምን ያህል ያስደንቁ ነበር!

እዚህ አሜሪካም ያለነው ከዚያ አልተሻልንም። በየከተማው የባህል ቀን ይመጣል፣ ለኢትዮጵያ 15 ደቂቃ ይሰጣታል። እኛ በዚያች 15 ደቂቃ እስክስታውን፣ ጉራጊኛውን፣ የወላይታውን፣ ሸጎዬውን፣ የትግራዩን ሁሉ እንጨምራለን። ልጆቹ ከመጋረጃ ኋላ ልብስ ሲቀይሩ ቀበቷቸው ይጠፋል፣ ሙዚቃው መሐል ላይ ይቆረጣል። ፈረንጁ አጨብጭቦ «ቀለሙ ያምራል» ብሎ ይሄዳል። ቀለሙ! ከዚያ ሁሉ የቀረለት ልብሱ ነው።

እኔን ምረጥ ብትሉኝ ወረብ እመርጣለሁ። መድረክ ላይ አይደለም፤ ወረብ ጸሎት እንጂ ትርኢት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንግዳውን ለጥምቀት ይዤው እሄዳለሁ እንጂ። ግን ከመጀመሪያው ይቁም። በድምፅ ብቻ የሚባለውን ቁም ዜማ ይስማ፣ ካህናቱ በመቋሚያ ሲዘምሙ ይይ፣ ከዚያ መረግድ በሚባለው ክፍል ጸናጽሉና ከበሮው ይግቡ፣ ጽፋት በሚባለው ጭብጨባው ይፍጠን። የምናሳያቸው ቪዲዮ ሁሉ መጨረሻዋን ግማሽ ደቂቃ፣ ከበሮው የሚዘለልበትን ብቻ ነው። መነሻውን ያልሰማ ሰው ያ ፍጥነት ከየት እንደመጣ በምን ይገባዋል? የፋንተም ሬጅመንትም ጩኸት ከዚያ ዝግ ካለው የፍቅር ዜማ ተነጥሎ ቢታይ ተራ ጩኸት ነው።

ይህን ሐሳብ ለኮሚኒቲያችን ኮሚቴ አቅርቤው ነበር። «አንዱን ከመረጥን ሌላው ቅር ይለዋል» አሉኝ። ገብቶኛል፤ በዚህ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ግን በየዓመቱ እየተቀያየረ እኮ ይቻላል። ዘንድሮ 15ቱም ደቂቃ ለሸጎዬ ይሰጠው፤ ወንዶቹና ሴቶቹ ሲመላለሱ፣ ግጥሙ ምን እንደሚል አንድ ሰው በአጭሩ ተናግሮለት፣ እስከ መጨረሻው። በሚመጣው ዓመት ለጉራጊኛው። ከዚያ ለወላይታው። ማን እንደሚቀድም በዕጣ ይውጣ፤ ዕጣውን እኔ ጽፌ አመጣለሁ።