ቁጥር የበዛበት ሥዕል

ለመስኖ ከሚሸጡ የውሃ ፓምፖች ጋር የሚመጣውን የአጠቃቀም መመሪያ በገለጥኩ ቁጥር እበሳጫለሁ። የፓምፑ አካል በሙሉ ግማሽ መዳፍ በማትሞላ ሥዕል ላይ ታጭቆ፣ በተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ቁጥር ይደረደርበትና፣ የቁጥሮቹ ፍቺ ከገጾች በኋላ በሰንጠረዥ ይቀመጣል፤ እጁን ግራሶ የነካው ሰው መፍቻ ይያዝ ወይስ ገጽ ያገላብጥ? በሥዕል ፋንታ ፎቶግራፍ የገባ እንደሆነም፣ ጥርት ባለ መስመር እንደ ተሣለ ሥዕል ሳይሆን፣ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጠቁሮ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የፓምፑ ሆድ በውሃ መሞላት እንዳለበት የሚያሳይ ሥዕል መታጣቱ ነው። ባዶውን የዞረ ፓምፕ ውሃ አለመሳቡ ሳያንስ፣ ዘንጉ ዙሪያ ውሃ እንዳያፈስ የሚያግደው ክፍል በሙቀት ይበላሻል፤ ገበሬው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚገዛው በብድር ነው። የመሙያውን ክዳን ብቻ አጉልቶ ስሎ፣ ውሃው የሚገባበትን በቀስት አመልክቶ፣ ስሙንም እዚያው ጎኑ ላይ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል? ለካርቶኑ ማስዋቢያ ባለ ቀለም ሥዕል የሚያሠራ አምራች፣ ለዚህ አንድ ገጽ ሠዓሊ አጣሁ ሊል አይችልም።