ከሳሎናችን ለሚሰናበቱት ክቡር ሃርድ ዲስክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ ቀጭ/ቀጭ/80/17
ቀን፦ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ሃርድ ዲስክ
ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከዳንቴሉ በታች
አዳማ

ጉዳዩ፦ በጤና ጉድለት ከሥራ መሰናበትዎን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድኩት በሆዱ የሚኖሩበት ዲቪዲ ሪከርደር በተከፈተ ቁጥር የሚያሰሙት ድምፅ ስላስቸገረን ብቻ አለመሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። ድምፁንማ ለምደነዋል። እማዬ በመጀመሪያው ሰሞን በር የተንኳኳ መስሏት፣ ሽንኩርት የነካ እጇን በሽርጧ እየጠረገች «ማነው? ግቡ!» ስትል ሁለት ጊዜ ከጓዳ ወጥታለች፤ ዛሬ ግን ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ ሲሉ «ተነሡ መሰለኝ» ብላ መክተፏን ትቀጥላለች። ያስጨነቀን ላለፉት 18 ዓመታት በአደራ የሰጠንዎትን ሁሉ ይዘው የመሄድ አዝማሚያ ማሳየትዎ ነው።

አገልግሎትዎን አልክድም። አክስቴ በ1999 ዓ.ም. ከጀርመን ስትመጣ ዲቪዲ ሪከርደሩን በሁለት ፎጣ ጠቅልላ ከሻንጣዋ ባወጣችው ዕለት፣ በሰፈራችን ካሴት ሳይገባበት መቅረጽ የሚችል ማሽን ያለው የእኛ ቤት ብቻ ነበር። በነሐሴ 2000 ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ቤጂንግ ላይ 10,000ውንም 5,000ውንም ሜትር ሲያሸንፉ አራቱንም ውድድሮች በሆድዎ አኑረዋል። በጥር 2001 የተደረገው የእህቴ ሠርግ ከነመልሱ ከካሜራው ካሴት ወደ እርስዎ ከተገለበጠ በኋላ፣ ካሴቱ ለሌላ ሙሽራ መቅረጫ ይሆን ዘንድ ለቪዲዮ ባለሙያው ተመልሷል። «ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ አይደል?» ብዬ ካሴቱን ያስረከብኩት እኔ ስሆን፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር እህቴ ቤተሰቡ በተሰበሰበ ቁጥር ቃል በቃል ትጠቅስብኛለች።

የዘር ሐረግዎንም ማቃለል አልፈልግም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ራማክ ከተባለው ማሽን ጋር ያወጣው ቅድመ አያትዎ፣ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸውን 50 ሳህኖች ደርድሮ፣ አንድ ቶን ገደማ እየመዘነ፣ በሆዱ የያዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። እርስዎ በአንድ መዳፍ የሚያዝ ሰውነት ይዘው 80 ጊጋባይት ተሸክመዋል፤ ይህም ኤስፒ በሚባለው የአቀራረጽ ጥራት፣ አንድ ባዶ ዲቪዲ ሁለት ሰዓት በሚይዝበት ስሌት፣ 34 ሰዓት ያህል ነው። በዚያ ላይ ሳህንዎ በደቂቃ 7,200 ጊዜ እየተሽከረከረ፣ አንባቢ ጭንቅላትዎ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ባነሰ ክፍተት ከሳህኑ በላይ ይንሳፈፋል። ትልቅ ሰው ነዎት። ትልቅ ሰው ሲታመም ደግሞ ለቤተሰቡ ይነግራል።

እርስዎ አልነገሩንም። በሚያዝያ ሥዕሉ ለአፍታ እየቆመ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች መበታተን ሲጀምር ጥፋቱን በዲሹ ላይ አላክከን፣ ከ16 ዓመት በፊት የተቀረጸ ሠርግ በዲሽ እንደማይመጣ ለማንም ሳይታሰበው፣ የጎረቤት ልጅ ጣሪያ ላይ አውጥተን ሳህኑን ግራና ቀኝ አስዞርን። ቀጥሎ የቀረጻዎቹን ዝርዝር ለማሳየት አራትና አምስት ደቂቃ ይወስዱ ጀመር። በመጨረሻም የሠርጉን ርዕስ፣ ቀንና ርዝመት አንድም ሳያሳስቱ ጽፈው ካሳዩን በኋላ፣ ተጫን የተባለውን ስንጫን «ማጫወት አይቻልም» የሚል አጭር መልስ ሰጡን። ፋይሉ መኖሩ በመዝገብ ተረጋግጦ ፋይሉ ራሱ የሚጠፋበትን አሠራር እኛ ባለጉዳዮች በየቢሮው እናውቀዋለን፤ ሳሎናችን ድረስ ተከትሎን ይመጣል ብለን ግን አልጠበቅንም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምተን፣ ወረቀት ኋላቀር ነው ብለን የሠርጉን አልበም እንኳ ሳናሳትም የቀረነው በእርስዎ ተማምነን ነበር።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ ያ ቀጭታ ጭንቅላቱን የተሸከመው ክንድ በሳህኑ ላይ ያለውን የመንገድ ምልክት ለማንበብ ሞክሮ ሲያቅተው ወደ መነሻው ተመልሶ የሚጋጭበት ድምፅ ነው። ይሄዳል፣ ያጣዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ስማርት የሚባል የራስዎ የጤና መዝገብ ያለዎት መሆኑ ነው። ሴክተር የሚባል አንድ ትንሽ የሳህንዎ ክፍል በተበላሸብዎት ቁጥር ከመጠባበቂያዎቹ አንዱን በቦታው ተክተው፣ የተተኩትን ቁጥር በመዝገቡ ላይ በጥንቃቄ አስፍረው፣ ገመናዎን ሸፍነው ኖረዋል። ሪከርደሩ ይህን መዝገብ በስክሪን ላይ አውጥቶ አያሳይም፤ እርስዎም አልጠየቃችሁኝም ባይ ነዎት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእርስዎን ሆድ ያወጣው ግን አንድ ወጣት በላፕቶፑ ላይ የከፈተው ነጻ ፕሮግራም ነው።

ፍትሕ እንዳላጓድል፣ በእርስዎ ላይ የተፈጸመውን በደልም እመዘግባለሁ። አንደኛው ተከሳሽ መብራት ነው። ከከተማችን ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ክንፋቸውን ሲያዞሩ ከሰገነታችን እያየን፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ሻማ የምንፈልግባቸው ምሽቶች ጥቂት አልነበሩም። በመቅረጽ ላይ እያሉ መብራት ሲቋረጥብዎ ጭንቅላትዎ በድንገት ወደ ማረፊያው ይወረወራል፤ በዚያች ቅጽበት የቀረጻዎቹ ማውጫ እየተጻፈ ከሆነ ደግሞ ማውጫው በግማሽ ይቀራል። ስታብላይዘር እንግዛ የሚለው ሐሳብ በቤታችን በየዓመቱ ቀርቦ በየዓመቱ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል።

ሁለተኛው ተከሳሽ ዳንቴሉ ነው። እማዬ በእጇ የሠራችው፣ በዳርና ዳሩ የወይን ዘለላ የተንጠለጠለበት ነጭ ዳንቴል፣ ሪከርደሩ ወደ ቤታችን ከገባበት ሳምንት ጀምሮ ከላይ እስከ ጎን ሸፍኖት ኖሯል። ማሽኑ ትኩስ አየር የሚያስወጣባቸው ቀዳዳዎች በጎንና በጎኑ መሆናቸውን ያየሁት ክዳኑ ሲፈታ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በአዳማ አቧራና በዳንቴሉ ብናኝ ተደፍነው የበግ ለምድ መስለው ነበር። በሚያዝያ እኛ መስኮት ከፍተን ማራገቢያ ስንጠቀም፣ እርስዎ በክብር ልብስ ተጀቡነው ከውስጥ ይቀቀሉ ነበር ማለት ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «እና አቧራ ይልበሰው ወይ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሕመምዎ በሰፈሩ ሲሰማ መድኃኒት ያልመከረን የለም። አንደኛው ጎረቤታችን በፌስታል ጠቅልለን ፍሪዘር ውስጥ እንድናሳድርዎ መከሩ፤ ከቅዝቃዜ ሲወጡ ጤዛ ሳህኑ ላይ እንደሚያርፍና ከነበሩበት እንደሚብሱ የተነገረኝ፣ ደግነቱ፣ ከሥጋው አጠገብ ቦታ ሳመቻች ነው። ሌላው በመዳፍ ጎንዎን መታ መታ ማድረግ በቂ ነው አሉ። አንድ ነገረኛ ደግሞ ሶደሬ ወስዳችሁ ፍል ውኃ ንከሩት አለ።

በመጨረሻ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ የባጃጁን ሾፌር «ጉድጓዱን ቀስ በልልኝ» እያልኩ ፖስታ ቤት አካባቢ ወዳለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ወሰድኩዎት። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «ስንት ወሩ ነው?» ሲለኝ አላረምኩትም። ልጁ፣ ማለትም ባለሙያው፣ ነጠላውን ገልጦ አየዎትና የሁሉንም ጠጋኝ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ዳታው ይፈለጋል?» ይፈለጋል አልኩት። ፊቱ ወዲያው ከባድ ሆነ፤ ዋጋውም እንዲሁ።

ልጁ ከላፕቶፑ ጋር ሲያገናኝዎት ዊንዶውስ የመጀመሪያ ንግግሩ ዲስኩን እንደማያውቀውና ፎርማት ተደርጎ መጽዳት እንዳለበት ነበር። የሪከርደሩ የፋይል አደረጃጀት ኮምፒውተር የሚያውቀው ዓይነት ስላልሆነ፣ ዊንዶውስ እርስዎን ባዶ አድርጎ ነው የሚያይዎት። ቀስቱ «እሺ» የሚለው ላይ ቆሞ ሳየው የልጁን እጅ ያዝኩት፤ በዕድሜዬ የሰው እጅ እንዲህ ይዤ አላውቅም። እርሱ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። ፋይል በፋይል መገልበጥ ስለማይቻል፣ ሊኑክስ በሚባል ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በሚሠራ ዲዲሬስኪዩ በሚባል ፕሮግራም ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እርስዎን ራስዎን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። ፕሮግራሙ ደህናውን ቦታ ቀድሞ ያነሣል፣ የታመመውን ዘልሎ ያልፋል፣ በኋላ ተመልሶ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ መብራት ሲጠፋም የደረሰበትን መዝግቦ ስለሚይዝ ከቆመበት ይቀጥላል። ሥራው ሦስት ሌሊት ፈጀ፤ መብራቱ ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ።

ተተኪዎን ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። እርስዎ 40 ቀዳዳ ባለው ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ የሚገናኙት የአይዲኢ ትውልድ ነዎት፤ ገበያው ሳታ ወደሚባለው አዲስ መገናኛ ከዞረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የተገኘው ዲስክ 160 ጊጋባይት ሲሆን፣ ከተዘጋ አንድ ኢንተርኔት ቤት በኪሎ በተሸጡ ኮምፒውተሮች መካከል ሲጠባበቅ የኖረ ነው። ልጁ በስማርቱ መዝገብ ላይ አንድም የተተካ ሴክተር እንደሌለበት ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ተቀበለው። የድሮ ማሽኖች አንዳንዶቹ ከ137 ጊጋባይት በላይ መቁጠር አይችሉም፤ የእኛ ግን በግልባጩ የተጻፈለትን 80 ብቻ አምኖ ስለሚኖር ችግር አልገጠመንም፤ ትልቅ ቪላ ተከራይቶ አንዱን ክፍል ብቻ እንደሚጠርግ ሰው ነው።

እቤት መልሼ ስገጥመው ማሽኑ አዲሱን አላየውም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ገመዱን ስነቅልና ስሰካ ቆይቼ፣ ለልጁ ብደውል «ጃምፐሩን አይተኸዋል?» አለኝ። ከኋላ፣ ከገመዱ አጠገብ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ አለች፤ ዲስኩ በኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ስሌቭ፣ ማለትም የሌላ ዲስክ ተከታይ፣ ተብሎ ሲያገለግል ስለኖረ በዚያው ማዕረግ ተቀምጣለች። በወረንጦ ነቅዬ ማስተር በሚለው ላይ ተከልኳት። ክዳኑን ሳልገጥም፣ ካቻቢቴው እጄ ላይ እንዳለ፣ የቀረጻዎቹ ዝርዝር በስድስት ሰከንድ መጣ። ምንም ቀጭታ የለም። እማዬ ከጓዳ «ዛሬ አልመጡም?» ስትል ተሰማች።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከ80 ጊጋባይት ያልተነበበው 11 ሜጋባይት ነው። ልጁ ይህን በኩራት ነገረኝ፤ እኔም በኩራት ለቤተሰቡ አስተላለፍኩ። 11 ሜጋባይት በኤስፒ ሲመነዘር 17 ሰከንድ ያህል ነው፤ እርስዎ ግን የትኛዎቹን 17 ሰከንዶች እንደሚይዙ መርጠዋል። በመልሱ ላይ አጎቴ ማይክ ይዞ ያደረገው የ26 ደቂቃ ምርቃት፣ መሐል ላይ ያሳለበት ሳል ሳይቀር፣ አንድ ነጥብ ሳይጎድል ተገኝቷል። ከውድድሮቹ በፊት የተላለፉት ማስታወቂያዎችም በሙሉ ጤንነት ላይ ናቸው። በ5,000 ሜትሩ የመጨረሻ ዙር ላይ ግን ቀነኒሳ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆምና፣ ሲገለጥ መስመሩን በ12፡57.82 አልፎ እጁን ዘርግቷል። እና ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ እማዬ አፏን ከፍታ፣ እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ እልልታዋን ልትጀምር ስትል ሥዕሉም ድምፁም ቀጥ ይላል፤ ሲመለስ ሁሉም ሰው ወደ ቤት ገብቷል።

ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ የተሰናበቱ መሆንዎን እያሳወቅሁ፣ የመሸኛ አበልዎን በተመለከተ ግን ውሳኔው ከእጄ ወጥቷል። ልጁ ሳህኖቹ ለመስታወት እንደሚሆኑ ነግሮኝ ልፈታዎት ካቻቢቴ ሳነሣ እማዬ ከእጄ ቀማችኝ። «እልልታዬ እዚያ ውስጥ ነው ያለው» አለች። ዛሬ ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ በላይ ተቀምጠዋል፤ ሪከርደሩ እንዲተነፍስ ብዬ ያነሣሁትን ዳንቴልም አጥባ፣ ተኩሳ፣ እርስዎን አልብሳዎታለች።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአክስቴ፣ ጀርመን
ለእህቴ፦ ካሴቱን አስመልክቶ ላቀረበችው አቤቱታ መልስ ይሆን ዘንድ