ጉዛራን አትለፉት

ከባሕር ዳር ጎንደር ያለውን መንገድ በጽሑፋችሁ ስላስቃኛችሁን እናመሰግናለን። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማንሳታችሁም ጥሩ ነው። ግን ከወረታ ቀጥታ ጎንደር መግባታችሁ አስቆጨኝ። መሀል ላይ እኮ እንፍራዝ የምትባል ከተማ አለች!

እንፍራዝ አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ፣ የጉዛራ ቤተ መንግሥት አለ። የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን የተሠራ። ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ መንገደኛ ግን ጥቂት ነው፤ ሁሉም ወደ ፋሲል ግቢ ይከንፋል። ዳገቱን በእግር ስትወጡ ትንሽ ያደክማል። ከላይ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ ግን ሜዳው፣ ከዚያ ወዲያ ጣና ተንጣሎ ይታያል። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ፀሐዩ ከኋላችሁ ስለሚሆን ሐይቁ ጥርት ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመጣና ዓይን ይወጋል።

የፎገራን ሜዳም በመስኮት ብቻ አትዩት። ጥቅምት ላይ ሩዙ ሲደርስ ወርቅ ይመስላል። ወረታ ወርዳችሁ ምሳ ብሉ፤ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ታገኛላችሁ፣ ነጭና ለስላሳ።

ባለታክሲ ወይም ሹፌር ከያዛችሁ ጉዛራ እንደምትቆሙ ከባሕር ዳር ሳትነሱ ተነጋገሩ። መንገድ ላይ ከሆነ «መሸብን» ይላችኋል። እባካችሁ ቀጣይ ጽሑፍ ካላችሁ ጉዛራን አካትቱልን።