ኑዛዜው ሲከፈት ቀብሩ አልቋል

አንድ የደሴ ሰው «ስሞት አስከሬኔን ለሕክምና ተማሪዎች ስጡልኝ» ብሎ ቢናዘዝ ቃሉ የመፈጸም ዕድሉ ጠባብ ነው። ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያነሳው ሃይማኖትን ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የሚቀድመው ሰዓት ነው። በእኛ ዘንድ ሬሳ ማሳደር አይወደድም። የቅሬው (በወሎ እድር ቅሬ ይባላል) ጡሩምባ ከተነፋ ድንኳን ይተከላል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ለቀስተኛው ይሰበሰባል። ኑዛዜ ግን ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከሐዘን በኋላ፣ አንዳንዴም በአርባው ነው።

ሕጉ በሩን አልዘጋም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ከሞተ በኋላ አካሉ እንዲሰጥ ቃል ሊገባ እንደሚችል ያውቃል፤ ቃሉንም በማናቸውም ጊዜ እንዲያነሳ ይፈቅድለታል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ 4 ምስክሮች ይበቁታል። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከኑዛዜ የተለየ የስምምነት ወረቀት ነው፤ አንዱ ቅጂ በሕክምና ኮሌጁ፣ አንዱ በቤተሰቡ፣ ዋናው ደግሞ በቅሬው ዳኛ እጅ መቀመጥ አለበት። የትዳር ጓደኛና ያደጉ ልጆችም ይፈርሙ። ሕጉ ምንም ቢል፣ እያለቀሰ «አልሰጥም» ከሚል ልጅ ላይ አስከሬን የሚወስድ ኮሌጅ ሊኖር አይገባም።

አስከሬኑ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሌጁ መድረስ አለበት፤ እስከዚያ ማቀዝቀዣው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሁን። ደሴ ደጋ ስለሆነች ትንሽ ትታገሳለች፤ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ የምትገኘው ኮምቦልቻ ግን ትሞቃለች፣ እዚያ የግማሽ ቀን መዘግየት ይጎዳል።

አስከሬኑ እንዳይበሰብስ የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ብሽሽት አካባቢ ቆዳው ተከፍቶ ትልቁ የጭን ደም ቅዳ ቧንቧ ይፈለጋል። በእሱ በኩል ፎርማሊን፣ አልኮል፣ ግሊሰሪንና ፌኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ፣ ለአንድ አዋቂ 10 ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ፣ በዝግታ ይገባል። ፎርማሊኑ ሥጋውን ያጸናል፣ ግሊሰሪኑ እንዳይደርቅ ያደርጋል፣ ፌኖሉ ሻጋታ ይከላከላል። አስከሬኑ ከዘገየ ደሙ ረግቶ መንገዱን ይዘጋል፤ ፈሳሹ የእጅና የእግር ጣቶች ጋ ሳይደርስ ይቀራል፣ መበስበሱም ከዚያው ይጀምራል። ያልደረሰበትን ቦታ ለየብቻ በመርፌ መውጋት ይቻላል፤ የተበላሸውን ግን አይመልስም። ቸኩሎ ግፊት መጨመር ደግሞ ፊቱን ያሳብጣል፣ ተማሪው ሊለየው የሚገባውን ሁሉ ያደበዝዛል። ከዚህ በኋላም አስከሬኑ ለትምህርት ከመቅረቡ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል።

ሁሉም አስከሬን ተቀባይነት አያገኝም። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ ያልዳነ ቲቢ፣ ከባድ የመኪና አደጋ፣ የተደረገ የአስከሬን ምርመራ፦ እነዚህ በተለምዶ ያስመልሳሉ። ስለዚህ ለጋሹ የቅሬ መዋጮውን እንዳያቋርጥ። ኮሌጁ «አንቀበልም» ካለ በዚያው ቀን የሚቀብረው ቅሬው ነው።

ወደ ሃይማኖቱ ስንመጣ፣ የሙትን አጥንት መስበር የሕያውን እንደመስበር ነው የሚለውን ሐዲስ የሚጠቅስ ሙስሊም ቀላል ጥያቄ አላነሳም፤ ፍርዱም የዑለማ ነው። ካህናትም ፍትሐቱ መቼ ይሁን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ወረቀቱ ለዚህ መልስ መያዝ አለበት፦ ትምህርቱ ስንት ዓመት ይፈጃል (ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3)፣ አካሉ በየትኛው መካነ መቃብር ያርፋል፣ የመጓጓዣውን ማን ይከፍላል፣ ጀናዛው ወይም ፍትሐቱ የሚሆነው ከመሰጠቱ በፊት ነው ወይስ ሲመለስ?

ይህን ሁሉ ድካም ለምን? በኢትዮጵያ አናቶሚ (የሰውነት አካል ትምህርት) በአብዛኛው የሚጠናው ጠያቂ በሌላቸው ሰዎች አስከሬን ነውና። በወሎ ቋንቋ፣ ቅሬ በሌላቸው። እነሱን የጠየቃቸው፣ ያስፈረማቸውም የለም።

ኮሌጆች ይህን ለመለወጥ ከፈለጉ ከቅሬዎች ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ተረኛ ሰውና መኪናም ይመድቡ። የሚደወልበት ስልክ ሌሊትና በበዓል ቀን የማይነሳ ከሆነ ግን ማንንም ባያስፈርሙ ይሻላል።